የቀትሩ ድንጋይ ሶላር የለበሰ ቀን

ሚስቴ ዘነበች «ይሄን የድንጋይ ወሬህን ላገኘኸው ሰው ሁሉ አውርተህ አልበቃህም? አሁን ደግሞ ልትጽፈው ነው!» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። እኔ ግን ካልጻፍኩት የሚወጣልኝ አይመስለኝም። ነገሩ ተጀምሮ ያለቀው ከአንድ ቀትር እስከ ቀጣዩ ቀትር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት የነበርኩትን ሰው ሳስበው ግን ትንሽ ያስቀኛል፣ ትንሽ ደግሞ ያናድደኛል።

ጡረታ የወጣሁ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰላ ድንጋይ ከተማ፣ ጠመኔ ይዤ ነው። ጡረታ ስወጣ ልጃችን «ደብረ ብርሃን እኛ ጋ ኑ» ብላ ነበር፤ እኔ ግን እንቢ ብዬ ዘነበችን ይዤ ወደተወለድኩባት ጥድ አፋፍ ተመለስኩ። ጥድ አፋፍ ከጎረቤላ ከተማ ቁልቁል ሲወርዱ ገደል ጫፍ ላይ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ከሥራችን ያለው ቆላው ነው። ጉሙ ከዚያ ይነሣና ሽቅብ ወጥቶ፣ ደስ ሲለው መንደሩን ሙሉ ቀን ይዞት ይውላል።

በበጋ የምንኖረው በአንድ ቦይ ነው። ውኃው ከምንጩ ተጠልፎ የተራራውን ወገብ ታክኮ ይመጣል። ከጠዋት እስከ ቀትር የላይኞቹ ነው፤ ከቀትር እስከ ማታ የታችኞቹ። ላይኞቹ የምንባለው ቤታችን ከቦዩ በላይ ካለው አቀበት ላይ የሆነ፣ ማሳችን ደግሞ ለቦዩ የቀረበ ሰዎች ነን። ታችኞቹ ወደ ወንዙ ወረድ ብለው ይኖራሉ፤ ሽንኩርቱንና ካሮቱን የሚያበቅሉት እነሱ ናቸው። ይህን ክፍፍል የሚያስከብር ሰው «የውኃ አባት» ይባላል። የቀድሞው የውኃ አባት እርጅና ሲጫናቸው መንደሩ ተሰብስቦ «አስተማሪ ነው፣ ማዳላት አያውቅም» ብሎ እኔን መረጠ። አልደበቅም፣ ኮራሁ። ለወትሮው በትር የማልይዝ ሰው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ በትር መያዝ ጀመርኩ።

ቀትር መሆኑን የሚነግረን ሰዓት አይደለም፤ ድንጋይ ነው። ከቦዩ ዳር የቆመ፣ እስከ ወገቤ የሚደርስ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከፊት ለፊቱ፣ በማዶው የቦዩ ግድግዳ ላይ ካለች አንዲት ድንጋይ ላይ ደግሞ ጭረት ተቆርጣለች። የቀትር ድንጋይ ጥላ ውኃውን ተሻግሮ ያቺን ጭረት ሲነካ የውኃ አባት «ደርሷል!» ይላል። ያኔ ላይኞቹ ይለቃሉ፣ ታችኞቹ ውኃውን ወደራሳቸው ያዞራሉ። ድንጋዩን ማን እንዳቆመው የሚያውቅ የለም፤ ጥላው ዋሽቷል ያለ ሰውም የለም።

ስልክ ባለበት ዘመን ምን ድንጋይ አስፈለገ ትሉ ይሆናል። የስልኩ ስድስት ሰዓትና የድንጋዩ ቀትር አይገናኙም። ስልኩ ስድስት ሰዓት ካለ በኋላ ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትደርስ ገና ትቆያለች፤ በበጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ትዘገያለች። ግማሽ ሰዓት ውኃ ደግሞ ሽንኩርት ላለው ሰው ቀልድ አይደለም። በስልክ እንካፈል ቢባል ታችኞቹ ያተርፋሉ፣ ላይኞቹ ይከስራሉ። ስለዚህ ድንጋዩን የሚነካ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በኋላ ታስፈልጋለች። ጉም በዋለ ቀን ጥላ የለም። ያን ቀን የሚሠራው የውኃ አባት ቃል ብቻ ነው። «ደርሷል» ካለ ደርሷል። በጉም ቀን ተጣልተን አናውቅም።

ሶላሩ የመጣው ባለፈው በጋ ነው። ከምንጩ ሥር ፓምፕ ተተክሎ ውኃውን ወደ አቀበቱ እንዲገፋልን፣ ለፓምፑም የፀሐይ ኃይል እንዲሰጥ ታስቦ ነው። ሥራውን የምትመራው ቤተልሔም የምትባል ወጣት ኢንጂነር ነበረች፤ ቤቲ እንላታለን። ሶላሩ የሚዘረጋው ቦዩ ላይ ነው ስትል ሰው ሁሉ ገረመው።

«ማሳችሁን አንወስድባችሁም» አለች። «ብረቱ ቦዩን ተሻግሮ ይቆማል፣ ሶላሩ ከላይ እንደ ጣራ ይለብሳል። ሥሩ ጥላ ስለሚሆን ውኃውም በፀሐይ አይባክንባችሁም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የማይለየው ቦታ የትኛው ነው?» አለችኝ።

እኔም ደረቴን ነፍቼ እየመራሁ ወሰድኳት። የት ይመስላችኋል? ቀጥታ ወደ ድንጋዩ። ሌላው ቦታ ጠዋት ገደሉ፣ ከሰዓት በኋላ ጥዱ ይጋርደዋል። ያቺ ቦታ ብቻ ናት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የምታገኘው። አያቶቻችን ድንጋዩን እዚያ ያቆሙት ለዚሁ መሆኑ አንዴ እንኳ ብልጭ አላለልኝም።

«ይሄ ድንጋይ ምንድን ነው?» አለች ቤቲ።

«የጥንት ነው። እሱንም፣ ከማዶ ያለችውን ባለ ጭረቷንም እንዳትነኩ!» አልኳት።

«እሺ ጋሼ፣ አንነካም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ለምን ዝቅ እንዳደረገች አልጠየቅኋትም። ለምን እንደማይነካም አልነገርኳትም። እድሜ ልኬን ተማሪ «ለምን?» ሲለኝ ሳስረዳ የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ድንጋይ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ድንጋዩን የማያውቅ ሰው ዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም።

ቦዩ በሲሚንቶ ሲለሰን ውኃው ተዘግቶ ከረመ፤ ስለዚህ ክፍፍል የለም፣ ጥላ የሚያይም የለም። እኔ ግን በየቀኑ እወርድ ነበር። ብረት ሲቆም «ድንጋዩን!»፣ ሲሚንቶ ሲለጠፍ «ጭረቷን!» እያልኩ ሠራተኞቹን አስመረርኳቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ ጣታቸውን እንኳ አላሳረፉበትም። በመጨረሻ የሶላሩ መስታወት ተጫነ፣ ፓምፑ ተነሣ፣ አቀበቱ ላይ በቤታችን ደጅ ቦኖ ፈሰሰ። ዘነበች ከታችኛው ምንጭ ጀሪካን እያዘለች ስትወጣ ወገቧ የተጎዳ ሴት ናት። የዚያን ቀን ከቦኖው ሥር ቆማ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታጠበች፤ ታጥባ ስትጨርስ እንደገና ታጠበች። እኔም እያየሁ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ።

ቦኖው በፈሰሰ በጥቂት ቀን፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቦዩ ውስጥ ውኃ ተለቀቀ። ላይኞቹ ነጭ ሽንኩርታቸውን ሲያጠጡ አረፈዱ። ቀትር ሲቃረብ እንደልማዴ በትሬን ይዤ ወረድኩ። ድንጋዩ ጋ ደርሼ ቆምኩ።

ድንጋዩ አለ፤ ማንም አልነካውም። ግን ጣራ ሥር ነው። ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። ጥላውን ፈለግሁ፤ ምን ይፈለጋል፣ ሁሉም ጥላ ነው። ከድንጋዩ ወዲያ፣ መሬቱ ላይ አንድ ጠባብ የብርሃን መስመር ተጋድሟል፤ ልብ አላልኩትም። ዓይኔ ጭረቷ ላይ ነበር። ጭረቷ ጨልማለች።

«መምህር፣ ደረሰ?» አለ ከኋላዬ ድምፅ።

እትዬ አስካለ ናት፣ የታችኞቹ አለቃ ማለት ይቻላል። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ማሳውን ብቻዋን ይዛ ልጆቿን ያሳደገች ረጅም፣ ቀጥ ያለች ሴት። ልጆቿን ስላስተማርኩና የውኃ አባት ስለሆንኩ፣ በዕድሜ ብትበልጠኝም አንቱ ነው የምትለኝ። አካፋዋን ትከሻዋ ላይ ጥላለች። የዚያን ዕለት ጠዋት የሽንኩርት ችግኝ አዛውራ ተክላለች፤ ማታ ሳይመሽ ውኃ ካልጠጣ ደርቆ ይቀራል።

«ትንሽ ቆዪ፣ እትዬ አስካለ» አልኳት።

«ምኑን ልቆይ? ጥላው የት ደረሰ?»

በበትሬ ወደ ድንጋዩ አመለከትኩ። እሷም ጎንበስ ብላ አየች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

«ጥላው የታለ?»

ደምሴ ደረሰ። ደምሴ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ ሲናገር አገር የሚሰማው የላይኞቹ አፍ። «ምንድን ነው? ገና ነው እኮ፤ መደቤን አልጨረስኩም» አለ።

«ስድስት ሰዓት አልፏል» አለች አስካለ ስልኳን አውጥታ።

«በስልክማ አንካፈልም! በድንጋዩ ነው።»

«ድንጋዩማ ታውሯል፤ ይኸው እየው።»

«እንግዲያው ነቅለን ፀሐይ ያለበት እንትከለው።»

«ማን ሊተክለው? አንተ? ስንዝር ገፋ አድርገህ ውኃዬን ይዘህ ልትሄድ?»

«አንቺስ ብትተክዪው የኔን አትወስጂም?»

ከግራም ከቀኝም ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ ድንጋዩ አንዴ ከተነቀለ ማን ቦታውን ያምናል? እኔም በትሬን መሬት ላይ ተክዬ፣ ክፍል ውስጥ በነበረኝ ድምፅ «ጸጥ!» አልኩ። «የውኃ አባት እኔ ነኝ። በጉም ቀን በግምቴ ስፈርድ ታምኑኝ የለም? ዛሬስ ምን አዲስ ነገር መጣ?»

አስካለ ትክ ብላ አየችኝ።

«በጉም ቀን ሁላችንም አናይም፤ ማንም ማንንም አልጋረደም» አለች። «ዛሬ ግን ፀሐይዋ ይችውና። የጋረድክብን አንተ ነህ። ቤትህ ደግሞ ቦኖ ገብቶልሃል።»

አንተ አለችኝ። በሕይወቴ ተሰድቤ አውቃለሁ፤ እንደዚያች «አንተ» ግን አንጀቴ የገባ ስድብ አላስታውስም። የባሰው ደግሞ የምመልሰው ማጣቴ ነው። ቦታውን የመረጥኩት እኔ፣ ቦኖው የፈሰሰው ቤቴ። ሌላ ሰው ሆኜ ከዳር ቆሜ ባየው፣ እኔም እኔን እጠረጥር ነበር።

ወደ ሰማይ አንጋጥጬ ስገምት ቆየሁና «ደርሷል» አልኩ። ደምሴ «ቸኮልክ!» ብሎ ጮኸ፤ አስካለ «አዘገየህ!» ብላ ጮኸች። ሁለቱንም በአንድ ቃል ማስቀየም ለካ ይቻላል። ውኃው በግርግር ዞረ። ከታችኞቹ ወጣቶች አንዱ ብረቱን በእግሩ እየነካካ «ይሄ ነገር ይነቀል» አለ። አስካለ እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«ዛሬ አይሆንም» አለች። «ነገ ቀትር ድረስ እንታገሥ። ነገ ቀትር ጭረታችን ላይ የምናየው ነገር ከሌለ ግን፣ እኔ ራሴ ነኝ መጀመሪያ ብረቱን የምይዘው።»

ቤቴ ስደርስ ዘነበች ሰምታለች። ጓሮ ጥላው የነበረውን አሮጌ ጀሪካን አምጥታ ከቦኖው ሥር አስቀምጣ በአሸዋ እያለቀለቀችው ነበር። ሶላሩ ቢነቀል እንደ ድሮው ልትሸከም መዘጋጀቷ ነው።

«ነገ የውኃ አባትነቱን አስረክባለሁ» አልኳት። «ከዚያ ደብረ ብርሃን ልጃችን ጋ እንሄዳለን። ምን አቃጠለን?»

«አንተ ሂድ» አለች ቀና ሳትል። «እኔ ጀሪካን መሸከም ለምጃለሁ፤ ከሰው ፊት መሸሽ ግን አልለመድኩም።»

ለቤቲ ደወልኩ፤ ደብረ ብርሃን ነበረች። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጥላው፣ ስለ ጭረቷ፣ ስለ ጉሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት።

«ጋሼ፣ ያ ድንጋይ ሰዓት ነው?»

«አዎ ልጄ።»

«እኔ እኮ መቃብር መስሎኝ ነበር!»

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። የዚያን ዕለት ግን «ነይልን ብቻ» አልኳት። «ጠዋት እመጣለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ስንነቃ ጉም ነው። ደጃፍ ላይ ቆሜ ቦኖው አይታየኝም። ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጉሙ ከዋለ በልማዳችን የሚሠራው የእኔ ቃል ነው፤ ቀኑ ያልፋል። ወደ ቦዩ ስወርድ ግን ሌላ ሐሳብ ያዘኝ። ዛሬ በጉሙ ውስጥ «ደርሷል» ብዬ አላምንህም ቢሉኝስ? ድንጋዩ ቢጋረድ ሌላ ድንጋይ ይገኛል፤ የጉም ቀን ቃል አንዴ ከረከሰ ግን ከየት ይመጣል? እንግዲህ መንገዱን በሙሉ ጉሙ እንዲቆይም እንዲነሣም አንድ ላይ እየለመንኩ ወረድኩ። የሰማ አምላክ ምን እንዳለ እንጃ።

ታችኞቹ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው ቦዩ ዳር በተርታ ተቀምጠዋል፤ ከአጠገባቸው መቆፈሪያና የብረት ዘንግ ተጋድሟል። አስካለ ዳር ላይ ቆማለች። ደምሴ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ እሱ ሹክሹክታ በሚለው ድምፅ፣ «ጉሙ ካልተነሣ በቃልህ ጨርሰው» አለኝ። ሁሉም ሰማ። አስካለ ፊቷን ወደ ቆላው አዞረች።

የቤቲ መኪና መብራቱን አብርቶ ከጎረቤላ በኩል ብቅ አለ። ወረደች፣ ሁሉንም በየተራ ሰላም አለች፣ ሶላሩን ዞራ አየች። ከዚያ ሳትደብቅ ነገረችን።

«ከድንጋዩ አናት ላይ ካሉት ሁለት ሶላሮች አንዱን ማንሣት እችላለሁ» አለች። «ነገር ግን ሁሉም ተያይዘው ነው የሚሠሩት። አንዱ ሲወጣ መስመሩ ይቋረጣል፣ እንደገና እስክንቀጥለው ፓምፑ ይቆማል። ደግሞ ጎረቤቱ ያለው ስለሚጋርድ፣ ጥላው እንደ ድሮው ይወርዳል ብዬ ዋስ አልሆንም። ሳይሆን ከቀረ ሁሉም መነሣት አለበት።»

ሁሉም ሲነሣ ምን እንደሚሆን ሁላችንም ገባን። ዘነበች ከአቀበቱ ወርዳ ከሰዎቹ ኋላ ቆማለች። ጀሪካኑን ይዛ ነው የመጣችው።

«ይነሣ» አልኩ። «አንዱን አንሺና እንየው። መጀመሪያ ግን ድንጋዩ ላይ የተረጨውን ሲሚንቶ ልጥረግለት።»

ሲሚንቶውስ ሰበብ ነው። መሰናበት ፈልጌ ነው። በትሬን ውጭ ትቼ፣ ጎንበስ ብዬ ከሶላሩ ሥር ገባሁ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ውኃው በአዲሱ ቦይ ውስጥ ያለ ግርግር ይሄዳል። ድንጋዩን በእጄ ተደግፌ ተቀመጥኩ። «ጠብቄህ ነበር እኮ» አልኩት። ከድንጋይ ጋር ማውራት ጀመርኩ ማለት ነው፤ ሽምግልና።

ብዙም ሳልቆይ ከውጭ «ጉሙ እየገለጠ ነው» ሲሉ ሰማሁ። እጄ ሞቀኝ። ወደ እጄ ስመለከት ብርሃን አርፎበታል።

ያ ትናንት ልብ ያላልኩት መስመር ነው። መዳፍ የሚያህል ስፋት አለው፤ ከላይ በሁለቱ ሶላሮች መካከል ባለ ክፍተት ይወርዳል። ትናንት ቀትር ሳይሞላ ሳየው ከድንጋዩ ወዲያ ነበር፤ አሁን ግን ድንጋዩ ላይ ወጥቷል። አንገቴን አዙሬ ተከተልኩት። ከድንጋዩ ወርዶ ውኃውን አቋርጦ ማዶ ግድግዳው ላይ ቆሟል፤ ጭረቷ ከጎኑ፣ ጣት የማታህል ርቀት ላይ አለች። ጠበቅሁ። ብርሃኑ ይሄዳል፤ እንደ ድሮው ጥላ ቀስ ብሎ፣ ግን ይሄዳል።

«አስካለ! ደምሴ! ኑ! ቶሎ ኑ!» ብዬ ጮህኩ።

እባብ የነደፈኝ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። አስካለ ከነአካፋዋ ገባች። ደምሴ ሆዱ እየከለከለው በጉልበቱ ዳኸ፣ መሐል ላይ ሲደርስ ጭንቅላቱን ከብረቱ ጋር አጋጨና የማልጽፈውን ነገር ተናገረ። ሦስታችን እንደ ሕፃን ተጠጋግተን ተቀመጥን። በጣቴ አሳየኋቸው።

የብርሃኑ ጫፍ ጭረቷን ነካ። ቆይቶ ጭረቷ ወደ ብርሃኑ መሐል ገባች፤ ድንጋዩም ጭረቷም በአንድ መስመር ላይ ደመቁ። በጥላ ዘመን እንዲህ ጥርት ብሎ አይተነው አናውቅም። አስካለ እጇን አውጥታ ብርሃኑ ውስጥ ዘረጋችው፣ አገላበጠችው።

አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ደምሴ ቀደመኝ። «ደረሰ» አለ፤ መልቀቅ ያለበት እሱ ሆኖ ሳለ። አስካለ ዞራ አየችው። «አዎ፣ ደረሰ» አለች በቀስታ። የውኃ አባት ከሆንኩ ጀምሮ ያን ቃል ከእኔ በቀር ሌላ ሰው ብሎት አያውቅም። እኔ አላልኩትም፤ ማለትም አላስፈለገኝም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ጨለማው ደበቀልኝ።

«መምህር፣ ይውጡ እንግዲህ» አለችኝ አስካለ አካፋዋን እየሰበሰበች። «ጉልበትዎ ያምዎታል።»

ስንወጣ ቤቲ መፍቻዋን እንደያዘች ቆማ ነበር። የሆነውን ስንነግራት አፏን በእጇ ያዘች። «ያን ክፍተት እኮ እኔ ነኝ የተውኩት» አለች። «የሌሎቹ እርስ በርስ የተገጠሙ ናቸው። እዚያ ጋ ግን መቃብር ላይ ብረት መጫን ነውር መስሎኝ፣ ልክ ከድንጋዩ አናት ላይ ከፈል አደረግኋቸው።» ያኔ ነው ከትናንት ጀምሮ የታፈነው ሳቅ የወጣው። ላይኛውም ታችኛውም አንድ ላይ ሳቀ። ደምሴ «እግዜር ይስጥልን፣ ቀብረሽ አዳንሽን!» ብሎ ሲጮህ ቤቲ ራሷ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አስካለ ውኃውን ወደ ሽንኩርቷ አዞረች። ከችግኙ ጥቂቱ ትናንት ጠግቦ ሳይጠጣ ጠውልጎ ነበር፤ አብዛኛው ተነሣ። ወደ ማሳዋ ስትወርድ ዘነበችን አለፈቻት፣ ተመለሰችና ጀሪካኑን ከእጇ ወሰደች። «ይሄን ለኔ ስጪኝ፤ አንቺ ምን ያደርግልሻል?» አለቻት። «ደግሞ ቦኖሽ ሥር እግርሽን ትታጠቢያለሽ አሉ። እሑድ እኔም መጥቼ እታጠባለሁ።» መጣችም። ዛሬም ትመጣለች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ እኔን ምን ለወጠኝ ብትሉ፣ አንደኛ ነገር ደብረ ብርሃን መሄዱን ተውኩት። ሌላው ግን ከዚያ ይበልጣል። የምወደውን ነገር አጥር ሆኜ ስጠብቅ፣ ስለምን እንደምወደው ግን ለአንድ ሰው እንኳ ሳልናገር ኖሬያለሁ። «አትንኩት» ማለት በቂ ይመስለኝ ነበር። ቤቲ ያልገባትን ነገር አክብራ ክፍተት ባትተውልኝ ኖሮ፣ መንደሩ ቦኖውንም ሰላሙንም በአንድ ቀን ያጣ ነበር። እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ድንጋይ አይጠፋም። ሁሉም ያውቀዋል ብላችሁ የምታልፉት፣ እንግዳ ሰው ግን መቃብር የሚመስለው ነገር። ጣራ ሳይለብስ አስረዱ። እኔ አሁን ለልጅም ለዐዋቂም፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ አስረዳለሁ፤ ዘነበች የምትስቀውም ለዚህ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ሰማዩ ጠራ፤ ሰው ሁሉ በየቀትሩ ከሶላሩ ሥር እየገባ ብርሃኑን ራሱ ያይ ነበር። እኔንም ማንም አልጠየቀኝም። ደስ ቢለኝም፣ በሆዴ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ጉሙ ወጣና አልነሣም አለ። ቦዩ ዳር በትሬን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ ከፊቴ ነጭ ነው፣ ሶላሩም አይታይም። የሰው ኮቴ ሰማሁ። እትዬ አስካለ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች። ወደ ሶላሩ ሥር አልዞረችም፤ ስልኳንም አላወጣችም። ፊቴ መጥታ ቆመች።

«መምህር፣ ደርሷል?» አለችኝ።

ጥቂት አሰብኩ። «ትንሽ ይቀረዋል፣ እትዬ አስካለ።»

«እሺ» አለችና አካፋዋን መሬት ላይ አድርጋ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ጠበቀች።